ከመጋዘኑ ግድግዳ ወዲህ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዓርብ ጠዋት የተቆጠረው፦ ገብስ ሰማንያ ኩንታል፣ ባቄላ አሥራ ሁለት። ነቀዝ ስላየሁ የዚያኑ ዕለት የነቀዝ መግደያ ክኒን አስጨምሬ መጋዘኑን አሽጌዋለሁ። እማዬን ዛሬም ራሷን አሟታል። አልጋዋን የመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ያስጠጋችው ራሷ ናት፤ እህል ያለበት ግድግዳ ብርድ ይሰብራል ብላ።

"ደምሴ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አደረ" አለችኝ።

ደምሴ ዘበኛችን ነበር። አምና ብርድ ሸሽቶ፣ ክኒን የተጨመረበት መጋዘን ውስጥ የበግ ጠጉር ባናውን ለብሶ ተኛ። አልተነሳም። ባናው አሁንም እዚያው ተሰቅሏል። የሚነካው ሰው አልተገኘም።

ማክሰኞ

ቄሱ መጥተው ጠበል ረጩ። የክፍሏን በር ከፍተው ብዙ ጸለዩ። እማዬን ቀለል አላት። "አየሽ፣ ሄደልኝ!" አለች። በሩ ሲዘጋ ተመለሰባት።

እኔ ሙት ይመጣል ብዬ አላምንም። ግን በክፍሏ በኩል ሳልፍ እግሬ ይፈጥናል።

ረቡዕ

የእህቴ ልጅ ሰብለ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ራሷ የሠራቻትን ትንሽ መሣሪያ ይዛለች። ጥፍር በምታክል ሳህን ላይ ዓይን የማያያቸው የካርቦን ክሮችና የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች ተዳቅለዋል። እንደ ነቀዝ ክኒን ያለ መርዛማ ጋዝ ሲነካቸው መብራቷ ይቀላል።

"ሌሎቹ ካልጋሉ አይሠሩም። ይቺ በክፍል ሙቀት ትሠራለች።"

"እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ ክፍል እንጂ ሙቀት የት አለ?"

"ለዚህ እኮ ነው እዚህ ያመጣኋት፣ አክስቴ።"

ዕቃ ሳልፈትሽ አልቀበልም። የመጋዘኑ በር ሥር አስቀመጥኳት፤ ቀላች። ግቢው መሐል አወጣኋት፤ አረንጓዴ ሆነች። ደጋገምኩት። ያው ነው።

ከዚያ እማዬ አልጋ ሥር አስገባኋት። ቀላች። አልጋውን ስንስበው ከጀርባው ወደ መጋዘኑ የሚያሳልፍ የአይጥ ቀዳዳ አለ።

እማዬን ደግፈን አወጣናት። "ደምሴን አገኘችው እንዴ?" አለች፣ መሣሪያዋን እያየች።

"የገደለውን ነው ያገኘችው" አልኳት። በዚያው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

ሐሙስ

እማዬ ከጤና ጣቢያ ተመልሳ ሳሎን አደረች፣ መሣሪያዋ ትራስጌዋ። ራስ ምታቱ ለቋታል። እህል ቀመሰች። ተመስገን።

ቁርስ ላይ ግን፣ "ደምሴ መጥቶ ነበር" አለች።

"ደረትሽ ላይ?"

"ኧረ አልተጠጋኝም። በሩ ላይ ቆሞ ባናዬን ስጡኝ ይላል፣ በርዶት።"

መሣሪያዋን አየሁ። አረንጓዴ ናት። ሰብለ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

ነገ፦ ነቀዙ ሞተም አልሞተም መጋዘኑ ይከፈታል። መሣሪያዋ አረንጓዴ ሳትሆን ማንም አይገባም። ቀዳዳውን የሚመርግ ሰው መጥራት። ባናውን አናፍሶ ለደምሴ ሚስት ማድረስ።