ፀሐይ አትባከንም

ሴንያ ደሴት፣ ኖርዌይ
ጃንዋሪ 30 ቀን 2019

ለልጄ ለዮሩን፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ ያ ጎረቤቴ ኦድቫር ምን ብሎ እንደጻፈልሽ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ይህን በእጄ የምጽፍልሽ በስልክ ስናወራ አንቺ ስለማታስጨርሺኝ፣ እኔም ስለምዘጋብሽ ነው። በዚህ ቤት ደብዳቤ የምትጽፈው፣ ነፍሷን ይማርና፣ እናትሽ ነበረች፤ የእኔ ሥራ ከታች ስሜን ማኖር ብቻ ነበር። በእኛ ጊዜ ትምህርት ቤት አንድ ቀን እየዘለሉ ነበር የሚሄዱት፣ በአሥራ አራት ዓመቴ ደግሞ የዓሣ ጀልባ ላይ ወጣሁ። ስለዚህ ፊደሉ ቢንጋደድ እንዳትስቂ።

የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል። ያ በአንድ በኩል «ሴንያ»፣ በሌላው «ስፔን» ብለሽ ለአየሩና ለኑሮው ነጥብ የሰጠሽበት። ልቤን እኮ ነው ያወለቅሽው! አገር እንደ በቅሎ ጥርሱ እየታየ ይመረጣል እንዴ? ሙቀት፦ ስፔን ዘጠኝ፣ እኛ ሁለት። ፀሐይ፦ ስፔን አሥር፣ እኛ አንድ። የሚያዋራ ሰው፦ ስፔን ስምንት፣ እኛ ሦስት። ሦስቱ እነማን ናቸው? እኔ፣ ኦድቫርና የኦድቫር ድመት? ለነፋሱ ደግሞ ዜሮ! ይህ ነፋስ ባይኖር ዓሣው መስቀያው ላይ አይደርቅም፣ ዓሣው ባይደርቅ አንቺ አትማሪም ነበር። እንጀራ ላበላሽ ነፋስ ዜሮ ይሰጣል?

«ሞክረው፣ ከዚያ ትወስናለህ» አልሽኝ፤ ባለፈው ኦክቶበር አንቺ ዘንድ ስፔን መጥቼ ሦስት ሳምንት ሞከርኩት። አልወደድኩትም ስልሽ «ምኑን?» እያልሽ ጆሮዬን በላሽው። ምኑን እንደሆነ ልንገርሽ። እኛ ዘንድ ፀሐይ አትባከንም። አንቺም ያደግሽበት ነው፤ ደመናው ሲገለጥ እናትሽ እጇ ሊጥ እንደሆነ በሩን በክርኗ ከፍታ «ውጡ! ውጡ!» ትል ነበር። ፀሐይ ወጥታ ቤት የተገኘ ወይ ሰነፍ ነው ወይ በሽተኛ። እሺ፣ አንቺ ዘንድ መጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ወጣች፣ ወጣሁ። በማግስቱም ወጣች፣ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ለምሳ ልግባ ብል ኅሊናዬ አላስገባ አለኝ። በረንዳሽ ላይ እንደ ዓሣ ተሰጥቼ ዋልኩ፣ አፍንጫዬ ተላጠ። ያ ጎረቤትሽ ቪሴንቴ ጥላው ውስጥ ተዘርግቶ ሲጮህብኝ አንቺ አልነበርሽም የተረጎምሽልኝ?

«ሽማግሌው! ግባ እንጂ፣ ነገም እኮ ትወጣለች!»

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ነገ ትወጣለች» ብሎ ከሰዓት በኋላ የሚተኛ ሕዝብ! እኔ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነገ ትወጣለች ብዬ ተኝቼ አላውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላረፍኩም።

አሁን ደግሞ ወደ መውደቄ እንምጣ። አልወደቅሁም፣ ተንሸራተትኩ። ኦድቫር ከወዲያ ማዶ ሆኖ በየጠዋቱ መጋረጃዬ መከፈቱን ያያል። የዚያን ቀን ሳልከፍተው ጋዜጣዬን ላመጣ ወጥቼ ስለነበር፣ ደረጃው ሥር በረዶው ላይ ተጋድሜ አገኘኝ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለኝ።

«አርፋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ምን አገባህ?»

ይኸው ነው። አንድ ሰዓት ቢሆነኝ ነው። አለፍ ቢልም ጥቂት ነው። ለዚህ ብለሽ ከፎቅሽ በታች ያለውን ቤት ለእኔ «እስከ ፋሲካ ያዙልኝ» ብለሽ ታስይዣለሽ? ማን ጠየቀሽ?

ትናንት ፀሐይ ተመለሰች። ከሁለት ወር ጨለማ በኋላ፣ በዚያችው በተራራው ስንጥቅ በኩል። ኦድቫር የፀሐይ ቀን ዳቦ ይዞ መጣ፣ ማርማላታ የገባበት፣ የሱቅ። የእናትሽን አይመስልም፤ እሱም ያውቃል፣ ሆኖም በላነው። ፀሐይዋ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ የምትቆየው አራት ደቂቃ ነው። ይህን ሰው ምን እንደነካው አላውቅም፣ ሄዶ የእናትሽ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ተነሥ ከዚያ» አልኩት።

«ማን ተቀመጠበትና ነው?»

«ተነሥ ብዬሃለሁ!»

ተነሣ። ዳቦውን ቆሞ ጨረሰ። እናትሽ እነዚያን የተቆለፉ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የምታሞቀው እዚያ ወንበር ላይ ነበር። አራት ደቂቃ። በማግስቱ ስድስት። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሰዓት እይዝላት ነበር።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አንቺ ዘንድ ሳለሁ በዘጠነኛው ቀን ዳቦ ገዝቼ ደረጃውን ስወጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ጉልበቴ እንዳላመመኝ አወቅሁ። አርባ ዓመት ያሠቃየኝ ጉልበት። ደስ ይለኛል ስል ደሜ ፈላ። የዚያን ዕለት እራት አልበላም ያልኩሽ ሾርባሽ ከፍቶ አይደለም።

ሐኪሙ ለእናትሽ ጣቶች ሲል የብርዱን ወራት ፀሐይ ባለበት በደቡብ አገር ትቆይ ብሎ የጻፈላትን ወረቀት ታስታውሻለሽ። የስኳሩ ቆርቆሮ ሥር አኖረችው። የዓሣው ወቅት ይለፍ አልኳት። አለፈ። ለከርሞ አልኳት። ከርሞም መጣ፣ አልሄድንም። «ፀሐይ የትም ያው ፀሐይ ናት፣ እዚህም ትመጣለች» እላት ነበር። አንድም ቀን አልተከራከረችኝም፤ አንቺ የምትከራከሪኝን ያህል ብትከራከረኝ ኖሮ! ወረቀቱ አሁንም ቆርቆሮው ሥር ነው። ስኳር ባነሣሁ ቁጥር አየዋለሁ። እስቲ ይህን ከሁለቱ ዓምዶችሽ በየትኛው ትጽፊዋለሽ? ስንትስ ትሰጪዋለሽ?

ስለዚህ አልመጣም። ቤቱን ለሌላ ይስጡት።

ወይም እስከ ፋሲካ ይቆይ፣ እስከዚያ ማንም አይወስደውም። «የዓሣው ወቅት ካለፈ በኋላ እነግርሻለሁ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ፣ ከላይ ያለው ጥቁር ስርዝ እሱ ነው።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ። በቀትር ጥላ ግቢ፣ ቆዳሽ የእናትሽ ነው።

አባትሽ ቶርአልፍ

ይህን ረስቼው፦ የእናትሽ ወንበር አይታጠፍም። የማይታጠፍ ወንበር በአውሮፕላን ይጭኑ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ያ የታችኛው ቤትም በረንዳው ላይ የጠዋት ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሰዓት ያዢልኝ። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።