የታዲ ምላስ

ይድረስ ሊቨርፑል ለምትኖሪው ለታላቅ እህቴ ለዊኒ፤

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ያ የክረምት ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ ሚካስ ከወደቡ ሥራ በደኅና ይገባል? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። የክንዴን ነገር ግን ልንገርሽ።

ከገና በኋላ የድንቹን ድስት ሳወርድ የፈላው ውሃ ግራ ክንዴ ላይ ተደፋ። ሐኪም ጥሩልኝ ብዬ ብጮህ እናታችን ወይ ፍንክች! የዝይ ኩስ በአሳማ ስብ ለውሳ ለጠፈችብኝ። ቁስሉ ማዠት ሲጀምር ደግሞ ታዲ ማክጎወርንን አስጠራች፤ ያንን ከወንዙ ማዶ ያለውን፣ ስድሳ ያለፈውን ወንደላጤ። ልጅ ሳለ የእንሽላሊት ሆድ ስለላሰ ምላሱ ቃጠሎ ያድናል እየተባለ ዛሬም በየቤቱ ይጠራል።

መጣልሽ! የሚያኝከውን ትንባሆ ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተና፣ ከአንጓዬ እስከ ክርኔ እንደ ላም ላሰኝ። ትንፋሹ የከረመ ዓሣ ነው። እኔ ስንገሸገሽ እናታችን፣ «ዝም በይ፣ አንቺ ቅምጥል! ጸበል እንደነካሽ ቁጠሪው» ትለኛለች።

ከሁሉ የሚያስጠላኝ ምን መሰለሽ? ቁስሉ ዳነ። ጊዜው ደርሶ ይሁን በምላሱ እንጃ። እሱ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸጉሩን በቅቤ አስተኝቶ ከች አለና፣ «ኦኖራ፣ ቆዳሽን እንደሆነ ቀምሼዋለሁ፤ ላግባሽ» አይለኝ መሰለሽ!

«ከብቱ ሞልቷል፣ መድኃኒቱ ከአፉ አይጠፋ፤ ምን ጎደለው?» አለች እናታችን።

«ከእሱስ እንሽላሊቱን ባገባ ይሻለኛል!» ብያቸው ወጣሁ። እሷ ግን ሰርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ይሁን ብላ ቄሱን አነጋግራለች።

ስለዚህ የመርከብ ትኬት ቆርጫለሁ፤ በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ወደቡ ላይ ጠብቂኝ። እስከ ባቡሩ በጋሪ የሚያደርሰኝ አባታችን ነው። ስነግረው፣ «ክንድሽን ሸፍኚው፣ የባሕሩ ብርድ እንዳይመታው» ብቻ አለኝና ፊቱን አዞረ።

ለሚካስ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። አማትሽን ወይዘሮ ብሪጂትን እጅ ንሺልኝ። የልጅሽን የሮዚናን ጉንጭ ሳሚልኝ። እኔን ግን ከመርከብ ስወርድ ማንም እንዳይስመኝ፤ ውሃ አሙቃችሁ፣ ሳሙና አዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ።

እህትሽ ኦኖራ
ሊትሪም፣ አየርላንድ
ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1933