በዝምታው መካከል ላጨበጨቡት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የቴአትር ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጎላ፣ ጉልበትዎም ከፊተኛው ረድፍ እስከ መድረኩ ሲሮጡ እንዳየነው የበረታ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ የኦርኬስትራው ትራምፔት ነፊ ነኝ፤ ባለፈው እሑድ ያቋረጡትን ሙዚቃ የደረሰችው ደግሞ ታላቅ እህቴ ናት። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ሙዚቃው የተመሠረተበትን ጥንታዊ ግጥም ሳያነቡ በመምጣትዎ አመሰግናለሁ። ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚወጣው ይህ ግጥም፣ ወንዝ ልጇን የወሰደባት እናት ከዳር ቆማ ሦስት ጊዜ ተጣርታ መልስ እንዳጣች ይተርካል። የእኛንም ታላቅ ወንድም የወሰደው ውሃ ነው። እህቴ ስድስት ዓመት ሙሉ የደከመችው እናታችን አንድ ቀን ቁጭ ብላ እንድትሰማው ነበር።

ሁለተኛ፤ ትራምፔቴ ሦስት ጊዜ ተጣርቶ ኦርኬስትራው ለአርባ ሰከንድ ዝም ሲል፣ የምንጫወተው የጠፋን መስሎዎት በአሥረኛው ሰከንድ ብድግ ብለው በማጨብጨብ ከኀፍረት ስላዳኑን ውለታዎን አንረሳም። አዳራሹም አለቃ እያጨበጨበ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ስለማይሆንለት ተከተለዎት። ከዚያ ማይክሮፎኑን ይዘው ስለ ተቋሙ የዕቅድ አፈጻጸም ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሲያብራሩልን፣ መሣሪያችንን ታቅፈን ቆመን አዳመጥን። እናቲቱ ወደ ቤቷ የምትመለስበት የመጨረሻው ክፍል ግን ሳይሰማ ቀረ።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ እናታችን ከወንበሯ አልተነሣችም። «እና እዚያው ወንዙ ዳር ትታችሁኝ ልትሄዱ ነው?» አለችን። እህቴ የእናታችንን ኮት ትቆልፍላት ጀመር፤ የቆለፈችውን ፈትታ እንደገና ትቆልፋለች።

ሦስተኛ፤ በማግስቱ የመለማመጃ ክፍላችንን ስላስቆለፉብን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መሄጃ ብናጣ የቀረውን ክፍል ደረጃው ላይ ተጫወትነው፤ ከበሮው ከታች፣ ቫዮሊኖቹ በየደረጃው፣ እናታችን ከጽዳት ሠራተኛዋ በተዋሰችው በርጩማ ላይ። ደረጃው ከአዳራሽዎ ይልቅ ድምፅ እንደሚያምርበት ያወቅነው በእርስዎ ቸርነት ነው። ሲያበቃ ማንም አላጨበጨበም። እናታችን ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች፤ የእህቴንም ክንድ ተደግፋ ተነሣችና «በሉ፣ አሁን ወደ ቤት» አለች።

ለሙዚቃ ያለዎት ፍቅር ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እንዲያሻግርዎ ዘወትር የሚመኝልዎ፣ ክቡርነትዎን በማክበር፣
የእርስዎው ትራምፔት ነፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የግጥሙ መጨረሻ አስደሳች ሆኖ እንዲስተካከል ገጣሚው በሦስት ቀን ውስጥ ቢሮዎ እንዲቀርቡ የሚያዝዘው ደብዳቤዎ ደርሶናል። ገጣሚው ካረፉ ሁለት መቶ ዓመት ስላለፋቸው መምጣቱ ይከብዳቸዋል። እርስዎ ግን አንድ ቀን ወደ እሳቸው መሄድዎ ስለማይቀር፣ ጉዳዩን ያኔ በአካል ቢጨርሱት ይሻላል፤ እኛ እንኳ አንቸኩልም።