ሰማያዊው ሣር

ቡታጅራ

ውድ ልጄ ሊዲያ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? እኔና እናትሽ በእርሱ ቸርነት ደህና ነን።

ጡረታው ስለማይበቃ አሁንም የሱቅ ታፔላ እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ «ሲሚንቶ አለ»፣ «ጎማ እንጠግናለን» ስጽፍ ስለምውል ለራሴ ሥዕል የሚተርፈኝ ማለዳው ብቻ ነው። የዛሬ ሰው ሥራም ያናድዳል፤ የቀለም ጣሳውን ጽሑፍ አሳንሰውታል፣ አምፖሉም እንደ ድሮው አያበራም። ባለፈው መለዋወጫ የሚሸጠው ይትባረክ፣ ያስተማርኩት ልጅ፣ አዲሱን ታፔላውን አይቶ «ቲቸር፣ ፊደሎቹ ተሰልፈው ሽቅብ ወደ ቡኢ ሊወጡ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። በማስመሪያ ያሰመርኩትን! «ግድግዳህ ነው የተንጋደደው» አልኩት። ውሃ ልክ አምጥቶ አሳየኝ። ውሃ ልኩም የተበላሸ ነው።

ቸሃ ያለውን የአያትሽን ጀፎሮ እየሳልኩ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ በጎጆዎቹ ፊት የተዘረጋውን ያን ሰፊ የሣር መንገድ። ከመሞቴ በፊት አንድ የራሴ ሥራ ብጨርስ ብዬ ነው። ትናንት እናትሽ አየችውና «ታምሩ፣ ሣሩን ምነው ሰማያዊ አደረግኸው?» አለችኝ።

«አውቄ ነው» አልኳት።

ትታኝ ወጣች። ዛሬ ብሩሹን አላነሳሁም።

ለመስቀል መምጣትሽ አይቀርም፤ ዘንድሮ ግን ቀደም ብለሽ ነይ። በየጣሳው ክዳን ላይ የቀለሙን ስም በወፍራም ማርከር ትጽፊልኛለሽ። የመልስ ደብዳቤሽንም በትልልቁ ጻፊው፤ የእናትሽ ዓይን ደከም ብሏል።

ጌታ መውጣት መግባትሽን ይባርክ።

አባትሽ ታምሩ