በአንተ ስም የማልኩት መሐላ

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው፣ ድንጋይ ማንሳቱ አላጎበጠህም? እማዬን ጉልበቷ ተሻላት? ልጆቹስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ባለፈው ሳምንት አሳንሰር ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀርቅሬ ነበር፤ አትደንግጥ፣ ወጥቻለሁ።

የምትሠራበት መንገድ ሊሰረዝ ነው ስለሚባል፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ስለምትውይ ጠይቂልኝ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ወንድምዬ፣ እኔ ከእነሱ ጋር የምውለው የአሳንሰር ቁልፍ እየተጫንኩ ነው! ግን አልተሳሳትክም፤ የመንግሥት በጀት የሚፈረመው ስምንተኛ ፎቅ ላይ ይሁን እንጂ የሚጨቃጨቁት እኔ አሳንሰር ውስጥ ነው።

አምና ገበያው ደርቶ ግብሩ እንደ ጉድ ሲገባ፣ አለቆቹ ገንዘቡን የሚያደርጉበት ጠፋቸው። ለአሳንሰሯ በአራቱም ግድግዳ መስታወት አስገጠሙላት፣ ምንጣፍ አነጠፉላት። ኧረ ሞተሯ አርጅቷል ብዬ ብለፈልፍ ማን ሰምቶኝ! የመንግሥትን ዕዳ ቀነስ ማድረግ ሲገባቸውም ጭራሽ ሌላ ተበደሩ። ዘንድሮ ገበያው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጥገና ተከለከለ። የከለከሉት በጀት የሚቀንሱት ኃላፊ ናቸው፣ እኛ በሌሉበት መቀስ እንላቸዋለን። ያንተን መንገድ ሊያሰርዙ ፋይሉን ታቅፈው ወደ ስብሰባ ሲወጡ ነው እንግዲህ አምስተኛና ስድስተኛ ፎቅ መሃል ቀጥ ያልነው።

አብረውን አንዲት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነበሩ፤ ፀጉራቸው ቢሸብትም ምላሳቸው አልሸበተም። መቀስ ላባቸውን እየጠረጉ ለጥገናው ስንት ነበር የተጠየቀው ሲሉ፣ ሴትዮዋ ያዟቸው። በደህናው ጊዜ ሰብስቦ ዕዳ መክፈል፣ በክፉው ጊዜ ተበድሮም ቢሆን ሰውን ሥራ ላይ ማቆየት ነው እንጂ፣ እርስዎ ሁሌ የተገላቢጦሽ ነዎት አሏቸው። ድንጋይ ጠራቢው ቤቱ ከዋለ ባለሱቁ ለማን ይሸጣል፣ ካልሸጠስ ግብሩ ከየት ይመጣል ብለው አፋጠጧቸው። መቀስም የዋዛ አይደሉም፤ በክፉ ቀን አውጡ የማይል የለም፣ በደህናው ቀን ክፈሉ ሲባል ግን ሰው ይጠፋል፣ ዕዳው ልጆቻችን ላይ ይቆለላል አሉ። እውነቴን ነው የምልህ፣ አሳዘኑኝ።

እኔም አላስችል ብሎኝ ያ መንገድ የወንድሜ እንጀራ ነው አልኩ። መቀስ ዞር ብለው፣ ዛሬ ተበድረን ብናሠራው፣ ጊዜው ሲቀና ወንድምሽ ግብሩን ሳያንገራግር ይከፍላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበል? ግብር ሰብሳቢ በመጣ ቁጥር አልጋ ሥር እንደምትገባ እያወቅሁ፣ እናቴ ትሙት ይከፍላል አልኳቸው። ስዋሽ ፊቴን በአራት በኩል አየሁት።

መካኒኩ ሲያወጣን መቀስ ስብሰባው ገቡ፤ መንገድህ አልተሰረዘም! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ግን ከመግባታቸው በፊት ስምህን እስከ አያት ጠይቀው ፋይሉ ላይ ጽፈውታል። እንግዲህ የእማዬ ዕድሜ በአንተ ግብር ላይ ተንጠልጥሏል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ ብላለች በላት፣ የማልኩትን ግን እንዳትነግራት። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ሚስትህን ሰላም በልልኝ፤ የአልጋውን እግር በመጋዝ ታሳጥርልኝ።

ታናሽ እህትህ
ከአሳንሰሯ በራፍ፣ ምድር ቤት
መጋቢት ፲፩ ቀን