የግሬተ ትል

ውድ መምህር አስገር፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እዚያ ስካገን ያለው የባሕር ነፋስ ለጉልበትዎ አልተመቸም ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እርስዎ ዙሪያ ጥምጥም ስለማይወዱ ነገሩን በቀጥታ ልንገርዎ። ከባሕር ዳክዬ አንጀት አውጥተው በባለቤትዎ በግሬተ ስም የጠሩት ጠፍጣፋ ትል፣ ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም። እርስዎ ከመወለድዎ በፊት ሌላ ሰው ስም ያወጣለት ያው ትል ነው። በሙያችን ደግሞ የቀደመው ስም ነው የሚጸናው፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

መጀመሪያ እኔም አላመንኩም። የእርስዎ ትል ሰፊ ነው፣ የድሮው ቀጭን። የለዩትም በዚሁ በስፋቱ ነው። ዘንድሮ በወፎች አንጀት የሚኖሩ ትሎችን በየዝርያቸው እንደገና ስመድብ፣ አዳኞች ካመጡልኝ ዳክዬዎች በሕይወት ያሉ ትሎች አወጣሁ። ግማሹን እንደ እርስዎ በመስታወት ተጭኜ ገደልኩ፤ ግማሹን ሳልጫን በሙቅ ውሃ። የተጫንኩት የግሬተ ትል ሆኖ ቁጭ አለ። ያልተጫንኩት ያው የድሮው ነው። ምን ልበልዎ፣ ዝርያውን የፈጠረው አውራ ጣትዎ ነው።

ተማሪ ሳለሁ ግሬተ ከጎንዎ ሆነው ይሠሩ ነበር። "ቀስ በል እንጂ አስገር፣ ትል ነው የምትጫነው ወይስ አይብ?" ይሉዎታል። እርስዎም "አንቺ ደግሞ እሹሩሩ እያልሽ አስተኚው" ይሏቸዋል። እንዲህ እየተነቋቆራችሁ ምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ በጥቁር ዳቦ ላይ ያለውን ዓሣ ለሁለት ተካፍላችሁ ትበላላችሁ። በዚያን ጊዜ እቀናባችሁ ነበር።

ትሉን በግሬተ ስም የጠሩት እሳቸው ከሞቱ በኋላ እንደሆነ አልረሳሁም። ስለዚህ ይህንን ለሙያ መጽሔት የማስረዳበትን ጽሑፍ ጨርሼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። እርስዎ እስኪያልፉ ይቆይ ብዬ ነበር፣ እውነቱን ልንገርዎ። ግን ውሸትን በይሉኝታ አስታመው የማያውቁ ሰው ተማሪ ሆኜ፣ ይህ ከበደኝ።

ሐሙስ ዕለት የድሮ ሳጥኖችዎን ሳገላብጥ፣ ትልዎ ከወጣበት ከዚያው ዳክዬ የወጣ ሌላ ትል የታሸገበት መስታወት አገኘሁ። ጥጉ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የግሬተ ነው። አጉሊ መነጽር ሥር አደረግሁት። ትሉ ቀጭን ነው፤ የትም ቦታ አልተጨፈለቀም፣ በሆዱ ያለው እንቁላል እንኳ አንድ በአንድ ይታያል። ከአንድ አንጀት ወጥቶ የእርስዎን ሳይሆን የድሮውን ይመስላል። በስማቸው የተጠራውን ትል ያፈረሱት ራሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ። በጣም ናፈቁኝ።

በጽሑፉ ውስጥ አንድ ሥዕል ብቻ ይኖራል፤ የእሳቸው ትል። ከሥሩም ያዘጋጁት እሳቸው እንደሆኑ በስማቸው ተጽፏል። ሌሎች ተመራማሪዎች ትሉን መለየት ሲፈልጉ ከዚህ በኋላ የሚያስተያዩት ከዚያ ጋር ነው።

ጽሑፉን ገና አልላክሁትም። እሁድ በባቡር እመጣለሁ፤ መስታወቱንም አጉሊ መነጽሩንም ይዤ። ከማንም በፊት እርስዎ ይዩት። ቢቆጡም ይቆጡኝ፣ ቁጣዎን ለምጄዋለሁ። ሲያዩት ግን እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉልኝ። ከእሳቸው እጅ የቀረን ይሄ ነውና፣ አደራ፣ እንዳይጫኑት።

እስከ እሁድ ደህና ይሁኑልኝ፣
ተማሪዎ ዶርተ