የማሽላ ፍሬ የምታህለውን ነጥብ ይመለከታል

ለክቡር ጌንግ ይቸንግ፣
የፌሮ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ታንግሻን

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ እንደ ምድጃችን እሳት ያልበረደ፣ ጉልበትዎ ደረጃ ለመውጣት የማይለግም፣ የእናትዎም ሳል በዚህ አቧራማ ነፋስ ያልባሰባቸው እንዲሆን እመኛለሁ። ለእናትዎ የተመኘሁት ከልቤ ነው፤ የቀረውን እንደ ወግ ይቁጠሩልኝ።

ደብዳቤዬን በዋናው በር ሰሌዳ ላይ፣ ከራስዎ ማስታወቂያ ሥር የለጠፍኩት ለድፍረት አይደለም። እርስዎ ስለ እኔ በአደባባይ ጽፈው ሳለ እኔ መልሴን በፖስታ አሽጌ ብልክ፣ ንቀት እንዳይመስልብኝ ሰግቼ ነው።

እኔ ቺያዎ ደሹን ነኝ፤ በዚህ ፋብሪካ ለሠላሳ አንድ ዓመት ምልክት ቀራጭ። ሥራዬን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ልናገር፦ የጋለ ብረት ፌሮ የሚሆነው በሁለት መዳመጫዎች መካከል ተጨምቆ ሲያልፍ ነው። እኔ በመዳመጫው ገላ ላይ የፋብሪካውን ፊደል ገልብጬ እቦረቡራለሁ፤ እዚያ የጎደጎደው ፌሮው ላይ ጎልቶ ይወጣል፣ በየሜትሩ። በከተማችን ቤት የሚሠራ ሰው ፌሮ ሲገዛ አስቀድሞ ያን ጉብታ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ለምን እንደሚዳስስ ለእርስዎና ለእኔ ማንም ሊነግረን አይገባም። መሬት በተናወጠችበት በዚያ ሐምሌ ሁለታችንም የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ነበርን፤ በአባቴ ቤት ላይ የወረደው ጣሪያም አንዲት ፌሮ አልነበረበትም።

ማስታወቂያዎ እንደሚለው፣ በባዕድ ወደብ በተያዘው ፌሮ ላይ የሌላ አገር ፋብሪካ ምልክት የተገኘው «ቺያዎ ደሹን የተባለ ሠራተኛ ያለ ማንም ትእዛዝ በግሉ በፈጸመው ስህተት» ነው። ይህንኑ አምኜ የምፈርምበት ወረቀትም እስከ ዓርብ ቀነ ገደብ ሰጥተው ልከውልኛል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ጊዜዎን ላለማባከን ነገሬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ስሜን ስላስታወሱልኝ አመሰግናለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስሜ በዚያ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ አያውቅም። መቦርቦሪያው ሌባ ጣቴን የበላው ጊዜ እንኳ ማስታወቂያው «በአንድ ሠራተኛ ላይ ቀላል ጉዳት ደረሰ» ነበር ያለው። ለካስ ስም የሚገኘው ጣት በመስጠት ሳይሆን ጥፋት በመሸከም ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰሊጡ ብስኩት። ባለፈው ጸደይ በገዛ እግርዎ ወደ መቅረጫ ክፍሌ ሲመጡ ቀኑ የጨረቃው ወር አሥራ አምስተኛ፣ የጾሜ ቀን ነበር። እንደምጾም አስታውሰው የአሳማ ስብ ያልነካውን መርጠው አመጡልኝ። ይህን የመሰለ አሳቢነት ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያም በኋላ አላየሁም። በሩን ዘግተው የባዕድ ፊደል ያለበት ወረቀት ዘረጉና «ወንድሜ ደሹን፣ ይቺን ቅረጽልኝ፤ ናሙና ናት፣ ሁለት መዳመጫ ብቻ» አሉኝ። የማን ምልክት እንደሆነ ብጠይቅዎ «የወዳጅ ነው ባክህ! አንተ ፊደሉን ቅረጽ፣ ባሕሩን ለእኔ ተው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያ ናሙና መርከብ ሞላ። ፌሮውን የሚገዛው ሩቅ አገር በእኛ ፌሮ ላይ ከባድ ቀረጥ ስለጣለ፣ ፌሯችን በሌላ አገር ወደብ ዞሮ፣ የዚያን አገር ፋብሪካ ስም ለብሶ እንዲገባ ነበር ሐሳብዎ።

እዚህ ላይ ራሴን ሳልወቅስ እርስዎን ብወቅስ ጸሎቴ አፌ ውስጥ ይቀራል። አላወቅኩም አልልም። ስድሳ ዓመት የደፈነ ሰው በብስኩት አይታለልም። በቡድሃ እምነታችን የምሕረት እመቤት በሆነችው በጉዋንዪን ምስል ፊት ከተቀበልኳቸው አምስት ቃል ኪዳኖች አራተኛው «አትዋሽ» የሚለው ነው፤ እኔ ግን «የማልኩት በአፌ ነው፣ እጄ አልማለም» ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። በገዢው አገር አንድ አባወራ ያን ምልክት በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ አምኖ፣ ልጆቹን ከሥሩ ያስተኛል። ቤቱ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ የሚጠይቀው ፌሮውን ያልሠራውን ፋብሪካ ነው። ይህን እያወቅኩ ቀረጽኩ። ይህ ዕዳ የእኔ ነው፤ ለእርስዎ አላካፍልም፤ የራስዎ ይበቃዎታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ነጥቧ። ባለቤቴ ሚያዎ ሱፌን፣ እንደሚያስታውሱት፣ በዚሁ ግቢ በፌሮ እስሮች ላይ ታርጋ ስታስር ኖራለች። «ሰው ታርጋውን ያነባል፤ ያሰረውን እጅ ማን ያያል?» ትል ነበር። ካረፈች ወዲህ ከምልክታችን የመጨረሻ ፊደል ኋላ አንዲት የማሽላ ፍሬ የምታህል ነጥብ እጨምር ጀመር። ያስተዋሉት ጡረታ የወጡት የጥራት መርማሪያችን እትዬ ሉዋን ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም «አንተ ቺያዎ፣ ፌሮው ኩፍኝ ወጣበት እንዴ?» ብለው ስቀው አለፉ። ያችው ነጥብ በባዕዱ ምልክት ላይም ወጣች። የገዢው አገር ጉምሩክ ቀድሞ በስማችን የገባውን ፌሮና የሌላ ስም የለበሰውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ፣ ሁለቱም ጉንጭ ላይ አንድ ዓይነት የልደት ምልክት አገኘ።

ሰዎች ነጥቧን ያስቀረጸው ኅሊናው ነው ይላሉ። እንዲያ ቢሆን ደስ ባለኝ። ራሴን ደጋግሜ ብጠይቅ የማገኘው መልስ ግን ልማድ ነው የሚል ነው፤ እጄ ሱፌንን ለምዷት ነበር። እርስዎ ወሬውን ሰምተው እየሮጡ ሲመጡ የጠየቁኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፦ «ነጥቧን ማን አዘዘህ?» ስለ ፊደሉ አልጠየቁኝም፤ ማን እንዳዘዘው ያውቁ ነበርና። በዚያ ፌሮ ላይ ውሸት ያልነበረችው ነጥቧ ብቻ ነበረች፤ የተከሰስኩትም በእርሷ ነው።

አራተኛውን ቁጥር መስጠት አልቻልኩም፤ እንዲሁ ልጻፈው። ከዚያ ሐምሌ በኋላ በመጠለያው ዳስ እናትዎ አንዷን ዳቧቸውን ለሁለታችን ይቆርሱልን ነበር። በሱፌን ቀብር ዕለትም እርስዎ ክንዴን ይዘው «ደሹን፣ ከእንግዲህ ቤተሰብህ እኔ ነኝ» አሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቃል ተደግፌ ኖሬያለሁ፤ ልጅ የለኝም፣ ሌላ መደገፊያም አልፈለግኩም። ማስታወቂያውን ሳነብ ዓይኔ «ስህተት» የሚለው ላይ አልቆመም፤ «የተባለ ሠራተኛ» የሚለው ላይ ነው የቆመው። አንድ ዳቦ የተካፈለ ሰው «የተባለ» ይባላል? ልጆች ሳለን አንተ እንባባል ነበር። ዛሬ እርስዎ የምልዎት ስለከበሩብኝ ብቻ አይደለም፤ ስለራቁብኝ ነው።

ወረቀትዎን ሳልፈርምበት ከዚህ ጋር መልሻለሁ። በምትኩ በራሴ እጅ ሌላ ጽፌ ፈርሜያለሁ፦ ምልክቱን እኔ እንደቀረጽኩ፣ የሌላ መሆኑን እያወቅኩ እንደቀረጽኩ፣ ማን በየትኛው ቀን እንዳዘዘኝ፣ የመዳመጫዎቹንም ቁጥር። ሰኞ ጠዋት ይዤው ወደ ከተማችን ጉምሩክ እሄዳለሁ። እኔም የምቀጣ ከሆነ ልቀጣ፤ ቃል ኪዳኑን ያፈረሰው እጄ ስለሆነ፣ የሚጠግነውም እርሱ መሆኑ ተገቢ ነው።

ፊደልን ወደ ኋላ ሲጽፍ ኖሮ ዛሬ ገና ወደ ፊት መጻፍ የጀመረ፣ ለብስኩትዎ ባለዕዳ፣ ለእናትዎ ልጅ ያህል፣ ለእርስዎ ደግሞ «የተባለ»፣

ቺያዎ ደሹን

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ስህተት የተባሉት ሁለቱ መዳመጫዎች ከማስታወቂያው በኋላም ሥራ ላይ መሆናቸውን፣ እርስዎም ነጥቧ ብቻ እንድትጠፋ መዳመጫዎቹን ማስፋቅዎን ሰምቻለሁ። ከትናንቱ ፌሮ አንድ ቁራጭ ደርሶኛል፤ ማን እንዳመጣው አይጠይቁ፣ ነፋሱ ነው ይበሉ። ቀራጭዎን ቢያማክሩ ኖሮ በነገርኩዎት ነበር፦ መዳመጫ ላይ ያለች ጉድጓድ በፋቋት ቁጥር ትሰፋለች፣ ፌሮው ላይም በዚያው ልክ ታብጣለች። በአውራ ጣቴ ዳስሻታለሁ። የማሽላ ፍሬ የነበረችው ባቄላ አክላለች።